ከአምስት አንድ

ሰኞ፣ ማርች 3
ሒሳብ ከሃያው ዘጠኝ አመጣሁ። ጄቤ ብትኖር፣ "ቫንዲ፣ ዘጠኙንስ ከማን ኮረጅከው?" ትለኝ ነበር። እህቴ ከሞተች ዛሬ ሰባት ሳምንት። ላሳ ትኩሳት፣ ከአይጥ የሚመጣው በሽታ። ደሟ ኬኔማ ከተማ ላቦራቶሪ እስኪደርስ አራት ቀን ፈጀ... ጤና ጣቢያችን ሞተር ሳይክል የለውማ።

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ሲስተር ኮና ቤት መጣች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ናት፤ የጄቤም ጓደኛ ነበረች። ሐሙስ ከዋና ከተማው ከፍሪታውን ሰዎች ይመጣሉ። ወረርሽኝ ቢነሳ ምን ያህል እንደተዘጋጀን ሊለኩ፣ ነጥቡ ከአምስት። አገሩ በሙሉ እየተለካ ነው አሉ።
"ለፈተናው የውሸት ታማሚ ያስፈልገኛል። አንተ ደግሞ ከትምህርት ለመቅረት ስታቃስት ሰምቼሃለሁ፤ ተሰጥኦ አለህ።"
ሳቅኩ። ከዚያ በመሳቄ አፈርኩ። ለምን?

ረቡዕ፣ ማርች 5
ግድግዳው ቀለም ተቀባ። ጓንት ከጎረቤት መንደር ተዋሱ። ሞተርም ተዋሱ! ለድግስ ወንበር እንደሚዋሱት። "ከአራት በታች ካመጣን የት እገባለሁ?" ትላለች ሲስተር።
ለጄቤ ጊዜ ሞተር የሚያውስ የት ነበር?

ሐሙስ፣ ማርች 6
አቃሰትኩ። ሲስተር በጆሮዬ፣ "ቀንስ፣ ልትወልድ ነው እንዴ!"
ደም መሳይ ቀይ ውሃ በሞተር ተላከ። በሃምሳ ደቂቃ ኬኔማ ገባ። የለኪዎቹ አለቃ ዶክተር ላሃይ አራት ሊጽፉ ብዕር አነሱ።
"ጎበዝ ታማሚ! ደሙ ሁልጊዜ እንዲህ ይፈጥናል?"
ሲስተር አየችኝ። አራቱንም ቀን ከጄቤ አጠገብ ያልተነሳችው እሷ ናት...
"የእህቴ አራት ቀን ፈጅቷል" አልኩ። "ይሄ ሞተር የውሰት ነው።"
መሬት በዋጠችኝ! ሲስተር ወንበር ላይ ዘጭ አለች።
"አንድ ይጻፉ ዶክተር። ልጁ እውነቱን ነው።"
"አራት ብጽፍልሽ ኖሮ ሞተር ማን ይሰጥሽ ነበር?" አሏት። "የትምህርት ቤት ፈተና መሰለሽ እንዴ፣ እህቴ?"

አርብ፣ ማርች 7
ሲስተር ሰላም ሳትለኝ አለፈች። ከሰዓት ግን የካሳቫ ቅጠል ወጥ ላከችልኝ። ቃሪያው አስለቀሰኝ። ቅጣት ይሆን?

አርብ፣ ሜይ 9
ሞተሩ ከመጣ ወር ሊሞላው ነው። የራሳችን ሞተር።
የጎረቤታችን ልጅ ባይንዱ፣ ስድስት ዓመቷ፣ በዚያው ሰሞን አተኮሳት። ደሟ ጠዋት ሄደ። ሳይመሽ ውጤቱ መጣ፤ ላሳ። መድኃኒቱን በዚያው ቀን ጀመረች።
ዛሬ ማንጎዬን ነጥቃኝ ሮጠች። አባረርኳት... ልይዛት ስል ሩጫዬን ቀነስኩ።
እንዴት ነው የምትሮጠው!