የጋሽ ሙላት ወንበር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ጋሽ ሙላትን ፊት ለፊት አንቱ እላቸዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን አንቱታ የለም፤ ሰውዬውን እጠላዋለሁ። ሩጫ ከጀመርኩ ወዲህ ሻይ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ፣ «ኧረ መንገድ ልቀቁ፣ ተሳቢ መጣ!» እያለ ሰፈሩን ያስቅብኛል። ዘጠና ስምንት ኪሎ መሆኔን እኔም አውቃለሁ። እዚያ በር ላይ ስደርስ በንዴት ብቻ ፍጥነት እጨምራለሁ።

ዛሬ ከሰዓት ወንበሩ ባዶ ነበር። ደስ አለኝ። ከነዳጅ ማደያው ተነስቼ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ሮጥኩ። ሁልጊዜ የምሮጣትን አንድ ማይል ላገባድድ ስል ሰዓቴን ባየው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአስር ደቂቃ በታች ልጨርስ ነው። እዚያው ላይ ቀብር ከፊቴ መጣ። አስከሬን እየመጣ በጎኑ ሮጦ የሚያልፍ ሰው የለም። በሆዴ እየተራገምኩ ቆምኩ፤ ኮፍያዬን አወለቅሁና ጥቂት ልሸኝ ዞሬ ከለቀስተኛው መሃል ገባሁ።

ከአስከሬኑ ኋላ ጋሽ ሙላት! እህቱ ዳባት ሞታ ነው ለቀብር ያመጧት። ላቤንና ማለክለኬን አየና አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ።

«ልጄ፣ በዚህ ሰውነትህ ሮጠህ ደረስክልኝ!»

ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ምን ብዬ እውነቱን ልናገር? እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ፤ አፈርም መለስኩ።

ሰልስቱ ሲያልፍ ወንበሩ ላይ ይመለሳል። ሳልፍ ሲያየኝ ብድግ ሊልልኝ ነው። ይሄ ሽማግሌ ጥላቻዬንም ነጠቀኝ። እንግዲህ በምን ልሮጥ?