የጾም ግራሶ

ቀበና፣ ነሐሴ ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ውድ ሂርጳ፣

ጤናህን አልጠይቅህም። የሞተን ሰው "እንደምን አለህ" ማለት ስድብ ይመስላል፤ አንተ ደግሞ በቁምህም ቢሆን ለዚህ ጥያቄ የምትመልሰው "ሞተሩ ይሻለዋል" ብለህ ነበር። የምጽፍልህ ስለ ባለቤትህ ስለ ሎሚ ነው። ከጎጆዋ ልትባረር ነበር። እንዴት እንደ ተረፈች አዲስ የሚመጣ ሟች አጣምሞ ሳይነግርህ ከእኔ ስማው።

በሁዳዴ ወይዘሮ የሺመቤት ቤት አብረን ነበርን። ግን አንተ ሥራ ላይ ሆነህ ከሞተር በቀር የማትሰማ ሰው ነህና ልድገምልህ። የእመቤት አቧራ መሳቢያ እንደ ታመመች ድመት ማላዘን ጀምሯል። ሳሎን ውስጥ አንሶላ አንጥፈህ ሞተሩን ፈታህ፤ እኔ ካቻቢቴ አቀብላለሁ። ኩሽኔታውን፣ ያን ብይ የታጨቀበት ቀለበት፣ ሌላው ባለሙያ በመዶሻ ይደበድበዋል። አንተ ግን ባለ ሦስት እግሩን መንቀያ አስነክሰህ፣ የልጅ ጥርስ እንደሚያወልቅ ሰው እየተለማመጥክ ከዘንጉ አወጣኸው። በላምባ አጠብከው፣ አደረቅከው፣ ጆሮህ ሥር አሽከረከርከው።

"ንጹሕ ነው። አሁን የቀረው ጉርሻ ነው" አልክ፤ የማለስለሻ ቅባቱን፣ የግራሶውን ቆርቆሮም ከፈትክ። ሆዱን ግን አትሞላውም። "ጠግቦ የበላ ኩሽኔታ ይሞቀዋል" ትል ነበር። ጠግበው የበሉት እመቤት ከላይ ቆመው ያዩሃል።

"ያ ቢጫው ምንድን ነው?"

"ግራሶ ነው፣ እመቤቴ።"

"ከምን ይሠራል?"

እግርህን ረገጥኩህ። አንተ ግን እውነት የመናገር በሽታ ነበረብህ። "የከብት ሞራ ይገባበታል ይባላል።"

ያ እኮ ሁዳዴ ሲገባ ቅቤ የነካው ድስት ሁሉ በአመድ ታሽቶ ቆጥ ላይ የሚሰደድበት ቤት ነው። የነፍስ አባታቸው ከወንበራቸው ቀና አሉ።

"ማሽኑስ አይበላም፤ ትንፋሹ ግን ቤቱን ይዞራል" አሉ።

"አባታችን፣ ማሽኑ ክርስትና ተነሥቷል እንዴ?" አልኩ።

"አንተን አንድ ቀን ምላስህን እንደ ሽቦ ነው የምቆርጥልህ!" አሉ እመቤት። "ሂርጳ፣ በኑግ ዘይት አድርገው።"

"እመቤቴ፣ ኑግ ሲሞቅ ሙጫ ይሆናል። ዘንጉን አንቆ ሞተሩን ያቃጥለዋል። ፋሲካ እስኪያልፍ ቢታገሡኝ?"

"የትንሣኤን እንግዳ በአቧራ ልቀበል? እምቢ ካልክ ጎጆህን ከመሬቴ ላይ ንቀል።"

ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ ያለው ያ መሬት የእመቤት ከመሆኑ በፊት አባትህ ያረሱት ነው። እንደዚያ ያለ ነገር ግን ሰው ሳሎን ውስጥ አይነሣም። ሎሚ ነፍሰ ጡር ነበረች። አንገትህን ደፍተህ ኑጉን አንጠባጠብክ።

በቅዳም ሹር ወለሉ ታጥቦ ገና አልደረቀም። ማሽኑ መጀመሪያ ዘመረ፤ ቀጥሎ ጮኸ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይጨስ ጀመር። "ምንጣፌን! ምንጣፌን!" አሉ እመቤት። በባዶ እግርህ ሮጠህ የብረት ሆዱን አቀፍከው። ኤሌክትሪኩ ያዘህ። ገመዱን ከግድግዳው ስነቅለው ብቻ ነው የለቀቀህ፤ ያኔ ግን በሕይወት አልነበርክም።

እዚህ ላይ ቀልድ ፈልጌ ነበር። አጣሁ።

ስትቀበር የነፍስ አባታቸው "ጾሙን ሳይገድፍ ያረፈ" ብለው አመሰገኑህ። ማሽኑም ሳይገድፍ ነው ያረፈው፤ ለእሱ ግን ፍትሐት አልተደረገለትም። ይልቅ የሞተሩ ሽቦ እንደ አዲስ ተጠቀለለለት፤ እሱ ከሞት ተነሣ።

በፍልሰታ እመቤት አስጠሩኝ። "ማሽኑ እንደገና ያላዝናል፤ ለእመቤታችን በዓል ደግሞ እንግዳ አለብኝ። ማሽኑ ከሠራ ሎሚ እዚያው ትቀመጥ። ካልሠራ ጎጆውን ለዘበኛዬ ለበዳዳ እሰጠዋለሁ።" ሎሚ አራስ ናት፤ ሴት ልጅ ወልዳልሃለች። ያንተን ቁመት፣ የእናቷን አፍንጫ ወስዳለች፤ ተመስገን ነው። ውጭው የነሐሴ ዝናብ ነው።

እንዳንተ ነቀልኩ፣ አጠብኩ፣ አሽከረከርኩ። ግራሶውንም ከፈትኩ። እመቤት ከሱባኤ ተመልሰው ከላይ ቆመዋል።

"ከምን ይሠራል?"

"ከተልባ ነው፣ እመቤቴ። ኢየሩሳሌም ያሉ መነኮሳት ናቸው የሚጨምቁት።"

"እውነት?"

"እየዘመሩ ነው የሚጨምቁት።"

የነፍስ አባታቸው ጎንበስ ብለው ቆርቆሮውን አሸተቱ። ገበሬ ሆነው ያደጉ ሰው ናቸው፤ የሞራ ሽታ አይጠፋቸውም። አዩኝ። አየኋቸው። ቆርቆሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"የጾም ነው" አሉ።

ማሽኑ ዞረ፤ ጥርት ብሎ፣ እንደምትወደው። እመቤት አማተቡ።

ለሎሚ ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። ሕፃኗን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ፣ "እሱስ ያን ቀን እንዲህ ቢላቸው ምን ነበረበት?" አለችኝ። የሚያፈሰውን ጣሪያ ልደፍን ወጣሁ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ አንተ እውነትህን ይዘህ እረፍ። ልጅህ ጣሪያ እስካስፈለጋት ድረስ እኔ በየጾሙ እዋሻለሁ። ጾማችን ደግሞ፣ እንደምታውቀው፣ ብዙ ነው።

ካቻቢቴ አቀባይህ
ወንድይራድ