አብሽ የተጠቀለለበት ወረቀት

ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር። እሑድ ነው፤ ዐሱር ተሰግዷል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ቀዝቀዝ ይላል። ሱቅ ውስጥ ያለነው እኔ፣ አባትሽና እትየ የሺአረግ ነን። አባትሽ ሚዛኑን ይወለውላል፤ ትናንትም ወልውሎት ነበር። እትየ የሺአረግ ምንም ሳይገዙ በርጩማው ላይ ተቀምጠዋል።

ውድ ልጄ ኑሰይባ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

አርብ ጧት ከሄድሽ ወዲህ ሁለት ጊዜ በስልክ አወራን። ሁለቱንም ጊዜ "በላሽ ወይ? ሙቀቱ እንዴት ነው?" ብዬ ስልኩን ለአባትሽ ሰጠሁት። ታውቂኛለሽ፤ አፌ ብዙ አይናገርም። የምነግርሽ ነገር ግን አለኝ። ፊት ለፊት ቆሜ የዋሸሁሽ ነገር ነው። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ስለዚያ ወረቀት ነው። "ሳላየው አብሽ ጠቅልዬበት ሸጥሁት" ብዬሽ ነበር። አይቼው ነበር ልጄ። አንብቤውም ነበር።

ትምህርት ቤት ደጃፍ እንዳልረገጥሁ ታውቂያለሽ። ወረታ፣ በአባቴ ሱቅ፣ ስኳርና ቅመም መጠቅለል የእኔ ሥራ ነበር። ፊደሉን ወንድሞቼ ጮኽ ብለው ሲቆጥሩ ሰምቼ ያዝሁት፤ ንባቡን ግን ያስተማረኝ መጠቅለያው ነው። የጋዜጣ ግማሽ፣ የተሰረዘ የፈተና ወረቀት፣ አንዳንዴም የሰው የፍቅር ደብዳቤ ይመጣ ነበር። አንድ ገጽ አነብና ደንበኛው ጨው ይጠይቀኛል፤ ያነበብሁትን ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ። የማንኛውም ታሪክ መጨረሻው ሌላ ሰው ቤት ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሆነ። አሁንም ሳላነብ እንደማልጠቀልል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ "ዘይነት፣ አንብበሽ ጨርሺልኝና ልሂድ፣ ወጥ ጥጄ መጥቻለሁ" ይሉኛል። ታዲያ እንዴት "ሳላየው" ስልሽ አመንሽኝ? ያመንሽኝ እናትሽ ስለሆንሁ ነው። እሱ ነው የሚከብደኝ።

የዚያን ረቡዕ የዩኒቨርሲቲ ምርጫችሁን ሞልታችሁ የምታስገቡበት ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። አንቺ ያለቀ ደብተርሽን እንደ ልማድሽ የመጠቅለያው ካርቶን ውስጥ ጥለሽ ወጣሽ። እትየ የሺአረግ አብሽ ሊገዙ ከዓባይ ማዶ መጥተው ነበር። አንድ ገጽ ቀደድሁ። በእርሳስ የተጻፈ ዝርዝር ነው። ከላይ "አርባ ምንጭ፣ የውሃ ምሕንድስና" ብለሽ ጽፈሻል። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል። ከዚያ ደግሞ ሰርዘሽው ከጎኑ "ባሕር ዳር" ብለሻል። ከተሰረዘው አጠገብ፣ ጥግ ላይ፣ በጣም ደቃቅ አድርገሽ "እማስ?" ብለሻል።

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ አብሹን አፈሰስሁበት፣ ጠርዙን አጠፍሁ፣ ለእትየ የሺአረግ ሰጠኋቸው።

በኋላ አባትሽ ሲጠይቀኝ እጄ ለምዶ ነው አልሁት። እጄ አልነበረም። ያ ወረቀት ከቤቴ እንዲወጣ ፈልጌ ነው። አንቺ አጠገቤ ልትቀሪ ወስነሻል፤ እኔም ምንም አላየሁም፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ ብዬ ነው። ወንድምሽ አብዱልበሲጥ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። መንገዱም እንዴት እንደሆነ እናውቃለን፤ ስንት እናት ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትጠብቅ አይቻለሁ። ግን መንገዱን ምክንያት አላደርገውም። መንገዱ ሰላም ቢሆንም ያንኑ ነበር የማደርገው።

ማታ እራት ላይ አባትሽ "የትኛውን አስቀደምሽ?" ሲልሽ፣ "ባሕር ዳርን፤ ወድጄ ነው አባ" አልሽ። እሱ "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ ከፊቱ ያለውን ዓሣ ወደ አንቺ ገፋው። እኔም ያን ማታ ደስ ብሎኝ በላሁ። ይህንን ነው ያልነገርሁሽ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ጧት ግን ልብስሽን ሳጣጥፍ የሰማያዊ ቀሚስሽ ኪስ ውስጥ የደረቀ የእምቦጭ ቅጠል አገኘሁ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሽ ቆላ ድባ አጎትሽ ዘንድ ሄደን፣ ጀልባው በአረሙ ተይዞ ዳር መድረስ ያቃተው ቀን ትዝ አለኝ። ሰዉ ሁሉ አረሙን ሲራገም አንቺ ጎንበስ ብለሽ አንዱን ነቀልሽና "ለምን እዚህ ብቻ በዛ?" አልሽ። አጎትሽ "እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሚያውቅ ካለ አምጪልኝ" አለሽ። አንቺ አልሳቅሽም። አራት ዓመት ሙሉ ያን ቅጠል ከልብስ ልብስ ስታዘዋውሪ ኖረሻል፤ እኔም ሳጥብ እያወጣሁ መስኮቱ ላይ አኖርልሽ ነበር። ምን እንደሆነ ግን ጠይቄሽ አላውቅም።

ሱቁን ለአባትሽ ትቼ ባጃጅ ያዝሁ። ድልድዩን ስሻገር፣ እትየ የሺአረግ ወረቀቱን ከሰል አቀጣጥለውበት ቢሆንስ እያልሁ ሹፌሩን አጣደፍሁት። ምን እንደሚል እኔ አውቃለሁ፤ ግን በባዶ እጄ ብጠይቅሽ "ወድጄ ነው" ትይኛለሽ። እኔም ክርክር አልችልም። ወረቀቱ ነበር የሚያስፈልገኝ።

እትየ የሺአረግ በር ላይ ሲያዩኝ ሳቁ።

"ምነው ዘይነት፣ አብሹን አሳንሰሽ ኖሮ ልትጨምሪልኝ መጣሽ?"

"የለም እትየ። ወረቀቱን ፈልጌ ነው።"

"የምን ወረቀት?"

"አብሹ የተጠቀለለበትን።"

"ኧረ ጉድ ነው! ቅመም ሸጦ ወረቀቱን የሚያስመልስ ነጋዴ ዛሬ አየሁ። ነገ ደግሞ ሽታውን መልሱ ትይናለሽ።"

አላቃጠሉትም። አብሹን ጠርሙስ ውስጥ ገልብጠው ወረቀቱን አጣጥፈው ከክዳኑ ሥር አድርገውታል፣ እንዳይናፈስ። አውጥተው ሊሰጡኝ ሲሉ እጃቸውን መለሱ። ሠላሳ ዓመት አስተማሪ ነበሩ፤ ወረቀት በእጃቸው ገብቶ ሳያነቡት አይወጣም። በዚህ እንመሳሰላለን። መነጽራቸውን አደረጉ።

"ይቺ 'እማ' የተባለችው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ልጅቷ ጠይቃለች። መልሱ የታለ?"

ወረቀቱን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ።

"ዘይነት፣ እኔ ስንት የተማሪ ወረቀት አርሜያለሁ። ባዶ የተተወ መልስ እንደ ስሕተት ነው የሚቆጠር።" ከመሳቢያ እስክሪብቶ አወጡና ከወረቀቱ ጋር ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። "እኔ ጎመኔን ልይ" ብለው ወጡ። ጎመን እንዳልጣዱ እርግጠኛ ነኝ፤ ከወጥ ቤቱ ምንም አይሸትም ነበር።

እስክሪብቶውን አነሳሁ። ከ"እማስ?" ሥር ምን ልጻፍ? መጀመሪያ "እማ ትችላለች" ልል አሰብሁ፤ ይህ ሸክም እንዳለብኝ እንደመንገር ሆነብኝ። "እማን ትናፍቂያታለሽ" ልል አሰብሁ፤ ይህማ ማስቀረት ነው። በመጨረሻ የጻፍሁትን ታውቂዋለሽ፤ "እማ ሱቅ አላት፣ አባትሽ አላት፣ የሚነበብ ወረቀት አላት። አንቺ ወደ ውሃሽ ሂጂ።" አብሽ የነካው ወረቀት ቀለም አይዝም፤ ሁለት ቦታ ላይ ደጋግሜ ጻፍሁት።

ቤት ስደርስ ገና ወደ ትምህርት ቤት አልወጣሽም ነበር፤ ተምር ጠቀለልሁበትና ቦርሳሽ ውስጥ አኖርሁት። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ሮጠሽ ስትመጪ ነጠላ ጫማሽ አንዱ ተበጥሶ በእጅሽ ይዘሽው ነበር።

"እማ! ይሄን የት አገኘሽው?"

"ዓባይ ማዶ።"

"እማ እውነትሽን ነው የጻፍሽው?"

"በእስክሪብቶ ነው የጻፍሁት" አልሁሽ። አንቺ በእርሳስ ነበር የጻፍሽው። ከዚያ "ሳላየው ሸጬው ነው፤ እትየ አንብበው ነገሩኝ" ብዬ ዋሸሁሽ፤ አንቺም ሳቅሽና አንገቴን አቀፍሽኝ፤ ውሸቱ እዚያው ቀረ።

አባትሽን ያሳመንሽው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም። "ጣና አነሰሽ ወይ? እዚህስ ውሃ አያስተምሩም?" ሲልሽ፣ "ያስተምራሉ አባ። ግን የታመመውን ሐይቅ ብቻ አይቶ ሐይቅ አወቅሁ አይባልም። ሌላም ማየት አለብኝ" አልሽው። እሱም ትንሽ አሰበና "እዚያ ያለው ሐይቅ አዞ አለበት! ጣና ቢታመም ሰው አይበላም!" አለ። ያን ጊዜ ነው እንደተሸነፈ ያወቅሁት። አባትሽ ክርክር ሲያልቅበት ወደ አውሬ ይሄዳል።

ምደባው እስኪወጣ የነበሩትን ሳምንታት አንቺ ታስታውሻለሽ፤ እኛ ያደረግነውን ግን አታውቂም። አባትሽ ስልኩን ይዞ ወደብ ድረስ ይወርድ ነበር፣ "እዚያ ኔትወርኩ ይሻላል" እያለ። እኔ ደግሞ ማንም ሳያየኝ ለሁለት ሰው ብቻ ማብሰል እለማመድ ነበር። መጀመሪያ ሁልጊዜ ይተርፈኝ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልክ መጣልኝ፤ በዚያው ቀን ምደባው ወጣ። አርባ ምንጭ። አባትሽ ከወደቡ ደውሎ "ደረሳት" ብቻ አለና ዘጋው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለት ትልልቅ የቆሮሶ ዓሣ ይዞ መጣ። ያን ቀን የለካሁት ምግብ ስለማይበቃን እንደገና አበሰልሁ።

አሁን እትየ የሺአረግ "ጻፊላት፣ 'አዞ ካየሽ ፎቶ አንሺ፣ አትቅረቢ' በዪልኝ" ብለው ይስቃሉ። አባትሽ "ምን ያስቃል!" ብሎ ተቆጥቷል።

ልጄ፣ ደህና ነን። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ አይደለም። አርብ ጧት አውሮፕላኑ በከተማው ላይ ዞሮ ሲሄድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ አየሁት። አለቅሳለሁ ብዬ ሻርፔን አዘጋጅቼ ነበር። አላለቀስሁም። አብዱልበሲጥ አዲስ አበባ እንደሚቀበልሽና እስከ ዶርምሽ እንደሚያደርስሽ አውቅ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን አንቺን አውቅሻለሁ። በሕይወቴ መጨረሻውን ለማወቅ ተከትዬ የሄድሁት አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱም የአንቺ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን ራስሽ ትጽፊዋለሽ፤ እኔ እጠብቃለሁ። መጠበቅ እችልበታለሁ።

ዋሽቼሻለሁና አውፍ በዪኝ። አንድ ነገር ደግሞ ላኪልኝ። ውድ ነገር አልፈልግም። እዚያ ገበያ ውስጥ ቅመም በወረቀት የሚጠቀልል ሰው ካገኘሽ፣ የፈለግሽውን ገዝተሽ ከነመጠቅለያው ላኪልኝ። የዚያ አገር ሰው ምን ጽፎ እንደሚጥል ማንበብ እፈልጋለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22።

ደብዳቤውን ትናንት አላሸግሁትም፤ የጧቱን ልጨምርበት ብዬ ነው። ሱብሒ ሰገድሁ። ለሁለት ሰው ሻይ አፈላሁ፤ ልክ መጣ። አባትሽ ቁልፉን ይዞ ቀደመኝ፤ እኔ የአንቺን አልጋ አንጥፌ፣ መስኮቱን ከፍቼ ተከተልሁት። ደጃፉን ውሃ ረጨሁና ጠረግሁ። የመጠቅለያው ካርቶን ባዶ ሆኗል፤ ትተሽልኝ የሄድሽውን የደብተር ክምር አመጣሁ። አባትሽ "እነዚህንማ እናስቀምጥ" አለኝ። "ለዚህ ነው የተወችልን" አልሁት።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ጥቁር አዝሙድ ጠየቀችኝ። ከላይ ያለው የአሥረኛ ክፍል የአማርኛ ደብተርሽ ነበር። አንድ ገጽ ቀደድሁ። የምትኖሪበትን ከተማ እንድትገልጪ የታዘዝሽበት ድርሰት ነው። ሴትዮዋ ቆማ ጠበቀችኝ። እስከ ታች አነበብሁት፤ የመጨረሻው መስመር "ከዓባይ ድልድይ ላይ ሆኖ ወደ ሐይቁ የሚያይ ሰው" ይልና ገጹ ያልቃል። ቀጣዩን ገጽ አልገለጥሁም። ጥቁር አዝሙዱን አፈሰስሁበት፣ ጠርዙን አጠፍሁ፣ ሰጠኋት።

እናትሽ ዘይነት