ውሃችሁን ሸፍኑ

ረቡዕ፣ ጥር 13 ቀን 2012

የአንበጣ መከላከያ ቢሯችን ማስታወቂያ ዛሬም በራዲዮ ተላለፈ። በአማርኛ የምጽፈው እኔ፣ ወደ ሶማሊኛ መልሶ የሚያነበው ጀዕፈር። «አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ካያችሁ የአንበጣ መድኃኒት ሊረጭ ነው። ውሃችሁን ሸፍኑ፣ ከብቶቻችሁን ከሜዳው አርቁ፣ ልጆችን ቤት አስገቡ።» ሁለት ወር ሙሉ ያው ነው። ማን ይሰማዋል? ሰማሁ ብሎ የደወለ አንድ ሰው የለም። አለቃችን ጌታሁን ስብሰባ ላይ፣ «ናዝሬት፣ ጀዕፈር፣ እናንተ ሁለታችሁ ለንፋስ ነው የምታወሩት» አለ። ሁሉም ሳቀ። ጀዕፈርም ሳቀ፣ ከሃዲ።

የዝውውር ማመልከቻዬን ጽፌ ጨርሻለሁ። አዲስ አበባ። ጅጅጋ ተወልጄ፣ ጅጅጋ አድጌ... ይሁን። ሰኞ አስገባለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ፎቶ አንሺያችን ታሟል። ነገ በትንሿ የቅኝት አውሮፕላን ወደ ሀርሺን የምሄደው እኔ ነኝ። ደረጃ ስወጣ እንኳ የሚያዞረኝ ሰው... ለእማዬ በመኪና ነው ብያታለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

በሕይወት አለሁ። መጀመሪያ ይሄ ይጻፍ። የሆነው ትናንት ነው፤ አሁን ሀርሺን አጠገብ ሆነን መካኒክ እየጠበቅን ነው።

አብራሪው ፋኑኤል ይባላል። የድሬ ልጅ ሆኖ ዝምተኛ። ሀርሺን ልንደርስ ስንል አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ዝቅ ብለን ሁለቴ ዞርን። ግመል፣ ፍየል፣ በግ... ሜዳው ጢም ብሏል። ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ አንበጣ ፍለጋ ቀጠልን። ከአንድ ጉብታ ጀርባ መንጋው ድንገት ተነሳብን። መስታወቱ ላይ ጠ ጠ ጠ... ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፣ ከዚያ ጉልበቱ ከዳው።

«ምን ሆነ?»

«አየር ማስገቢያውን አንበጣ ደፈነው። ያ ሜዳ ላይ እናርፋለን።»

«ያ ሜዳ እኮ ሙሉውን ከብት ነው።»

«ሌላ የለም። ቀበቶሽን አጥብቂ።»

ማርያም ማርያም እያልኩ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ሜዳው ባዶ። አንዲት ፍየል የለችም። መሬት ነካን፣ ነጠርን፣ እንደገና ነካን፣ አቧራ ዋጠን... ቆምን። ፋኑኤል ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ቆየ። «ከብቶቹ የት ገቡ?» አለ በመጨረሻ።

መልሱ በእግሩ መጣ። ስድሳ ዓመት የሚሆናት ረጅም ሴትዮ፣ ዱላ ይዛ፣ ሰፈሩን ሁሉ አስከትላ። ደሃቦ ትባላለች። ድሮ ጅጅጋ ገበያ ወተት ትሸጥ ስለነበር አማርኛ ታውቃለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ...

«መድኃኒቱ የታለ?»

«የምን መድኃኒት?»

«የአንበጣ ነዋ። እናንተ ስትዞሩ አይተን ከብት አባረርን፣ ልጅ አስገባን፣ ቢርካውን በምንጣፍ ሸፈንን። ለምንድን ነው የማትረጩት?»

ቢርካ የሚሉት መሬት ውስጥ የቆፈሩትን የውሃ ማጠራቀሚያ ነው።

«እኛ ረጪዎች አይደለንም እናቴ። ሞተር ተበላሽቶብን ነው።»

«ታዲያ ራዲዮኑ?»

ብላ በሶማሊኛ ወረደችው። የኔን ማስታወቂያ። ቃል በቃል፣ የጀዕፈርን አነባበብ ሳይቀር። ግማሽ ላይ ልጆቹ ተቀብለው ጨረሱላት።

አለቀስኩ። ድንጋጤው አሁን የገባኝ መስሏት ውሃ አስመጣችልኝ። «አይዞሽ ሆዮ፣ መሬት ላይ ነሽ።» ሆዮ እናት ማለት ነው፣ ልጅንም ሲያቆላምጡ ይጠሩበታል። እኔ ነኝ የጻፍኩት ብላት አላመነችም፤ ራዲዮ ላይ ያለው ወንድ ነው አለች። ስልክ የሚሠራበት ጉብታ ላይ ወጣን። ፋኑኤል አንበጣው ያለበትን ቦታ አስታወቀ፣ እኔ ጀዕፈር ጋ ደወልኩ። ደሃቦ ድምፁን ስትሰማ ስልኩን ነጠቀችኝ። ተቆጣችው። ውሃ ሸፍኑ ትላለህ፣ በምን እንደሚሸፈን አትልም፣ ምንጣፉን ንፋስ ወሰደብኝ...

እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እሑድ፣ ጥር 17

ጠዋት እውነተኛው ረጪ መጣ። አንበጣው የደሃቦ ግጦሽ ጋ ሳይደርስ ቀረ። እሷም ቢርካውን ዳግመኛ ሸፈነች፣ አሁን ጫፉ ላይ ድንጋይ አስቀምጣ።

መካኒኩ በመኪና ደርሶ ማጣሪያውን አጸዳ፣ ሞተሩን ደጋግሞ ሞከረ። ፋኑኤል፣ «በመኪናው ነው የምትመለሺው?» አለኝ። ሜዳውን አየሁት። ደሃቦ ከብቱን ሁሉ አርቃልናለች። ይሄን ያህል ተደክሞልኝ በመኪና?

ከላይ ሳያት ዱላዋን ታውለበልባለች። አላዞረኝም። ትንሽ ብቻ።

ሰኞ፣ ጥር 18

ለእማዬ እውነቱን ነገርኳት። አኩርፋለች። ግን ለጎረቤት ሁሉ እያወራች ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ማስታወቂያው ዛሬ ተሻሽሎ ተላለፈ። «በሸራ ወይም በምንጣፍ ሸፍኑ፣ ጫፉን በድንጋይ ያዙ።» አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የቢሮው ስልክ ጮኸ። ጌታሁን አነሳው። «ማን ልበል?» አለ፣ ከዚያ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ደግሞ ቆሞ።

«ናዝሬት፣» አለኝ ስልኩን በእጁ ሸፍኖ፣ «ከሀርሺን ነው። ጀዕፈር ይፈጥናል፣ ሽማግሌዎቹ አልያዙትም ትላለች። ሌላም ብዙ አላት። ጻፊላት።»

ወረቀት ፈለግኩ። መሳቢያዬ ውስጥ ያገኘሁት የዝውውር ማመልከቻዬን ነው። ጀርባው ባዶ ነበርና እሱ ላይ ጻፍኩት።