ሙሉ ወጥቶ ባዶ የሚወርደው ስልቻ

ሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 1966

የሱፍ ካልሲ፣ አራት ጥንድ። ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ። ጓንት። ባትሪ። ቆቦ ላይ የሱፍ ካልሲ! ሱቁን ሁሉ ዞርሁ። አንዱ ባለሱቅ «ማንን ነው የሚበርደው?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ እዚህ በጥርም ያልበናል።

ዝርዝሩ የመጣው ከፒተር ነው። ፒተር እዚህ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሮ አሁን ታንዛኒያ ይኖራል። ኪሊማንጃሮን አብረን እንድንወጣ መሪ ቀጥሯል፤ የአውሮፕላን ቲኬቴንም አዲስ አበባ አስቀምጦልኛል። ፓስፖርቴ ደርሷል። የቀረኝ እሑድ ጠዋት አውቶቡስ መሳፈር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የአፍሪካን ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ በዘንግ እየነካሁ «ይህ በረዶ ነው» እያልሁ ሳስተምር ኖሬአለሁ። በረዶውን ግን በዓይኔ አላየሁትም። መሄድ እፈልጋለሁ። እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ መናገር በዚህ የረሃብ ዘመን ያሳፍራል።

የመሪው ትእዛዝ፦ በየቀኑ ዳገት ውጣ። አሥራ አምስት ኪሎ ተሸከም። ስትወርድ ጉልበትህ እንዳይጎዳ ሸክሙን ጫፍ ላይ አራግፍ። በደንብ ብላ።

የመጨረሻዋ ላይ ስደርስ ደብዳቤውን አጠፍሁት።

መሸከሚያ ስለሌለኝ ከአከራዬ ከእትዬ ዘሐራ የእህል ስልቻቸውን ተዋስሁ። ባዶውን ከተሰቀለ ከርሟል። ምን ልጭንበት እንደሆነ ጠየቁኝ። ድንጋይ ማለት አፌ አልደፈረም። ዕቃ ነው አልኋቸው።

ማክሰኞ

ከደረቀው ከሆርማት ወንዝ ድንጋይ ለቅሜ ሞላሁና ከከተማው በላይ ያለውን ዳገት ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። አራት ጊዜ ተቀመጥሁ፤ አንዴ ሊያስመልሰኝ ነበር። ጫፍ ላይ ደፍቼ ባዶ ስልቻ ይዤ ወረድሁ። ጉልበቴ ደኅና ነው። ድል ነው መሰለኝ።

ከላይ ሆነህ ስታየው ሜዳው ሁሉ ራስ ሳያወጣ የደረቀ ማሽላ ነው። ከዳገቱ ሥር ከጎብዬም ከዋጃም የመጡ ሰዎች የእርዳታ እህል ይመጣል ተብሎ አንድ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ሳልፍ በዓይናቸው ሸኙኝ። ሰላምታ ሰጥቼ አለፍሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ረቡዕ

ሁለት እንቁላል በላሁ፣ በሩን ዘግቼ። ለሥልጠናው ነው እያልሁ ዋጥሁት።

ዛሬም ሙሉ ወጥቼ ባዶ ወረድሁ። ከግራሩ ሥር አያ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ አስቆሙኝና ላይ ማን እንዳለ ጠየቁኝ። ማንም የለም አልሁ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ለምን እንደተያዩ አልገባኝም። ስሄድም እያሰብሁ ነበር፣ አሁንም አልገባኝም።

የሚቀሩኝ፦ ካልሲ (ሁለት ጥንድ ቀጭን ተገኘ)፣ ጓንት፣ ባትሪ፣ ለርእሰ መምህሩ መንገር። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል።

ሐሙስ

ስድስት ሰዎች ተከተሉኝ። መጀመሪያ ወደ ደጋው የሚሄዱ መስለውኝ ነበር። ስቆም ይቆማሉ፣ ስሄድ ይሄዳሉ። ፈራሁና ፈጠንሁ። ማንም አልደረሰብኝም። በዚህ ደስ አለኝ፤ ሥልጠናው ሠራ ብዬ ደስ አለኝ። አሥራ አምስት ኪሎ ተሸክሜ የቀደምሁት እኮ ጦሙን ያደረ ሰው ነው። ይህን የተረዳሁት ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

አልሄድም ብዬ ወሰንሁ። እራት ከበላሁ በኋላ ደግሞ እሄዳለሁ አልሁ። እኔ ብቀር ዝናብ ይመጣል?

ዓርብ

ጫፍ ላይ ስልቻውን ፈትቼ ስደፋ ከኋላዬ ሰው ተነፈሰ። ሴት ናት፤ ትንሽ ልጅ አዝላለች። አብረዋት ሲከተሉኝ የነበሩት ሌሎቹ ከግማሽ መንገድ ተመልሰዋል። ሉባባ ትባላለች፣ የዋጃ ሰው ናት፤ ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ እኔን አላየችኝም፤ ድንጋዩን ነው ያየችው። የዛሬውን ካለፈው ሦስት ቀን ክምር ጋር። ጠጋ ብላ በእጇ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። እህል የለም።

ትረግመኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ቁጭ አለችና አዝና አየችኝ።

«ወንድሜ፣ ማንን በድለህ ነው ድንጋይ የተሸከምኸው?»

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው አድርጎ ተበዳዩ ፊት ይቀርባል፤ «አውርድ» ካልተባለ አያወርድም። ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ስልቻውን ስሞላ ግን አንድ ቀንም ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሰው ሳይበድል ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት ይወጣል ብላ እንዴት ታስብ? ስለ ኪሊማንጃሮ መንገር አፈርሁ።

«አላውቅም» አልኋት።

«እንግዲያ እኔ በበኩሌ አፉ ብዬሃለሁ» አለች። «ልጂቱን ያዝልኝ፤ ጉልበቴ አልቋል።»

አዝያት ወረድሁ። ከስልቻው ትቀላለች።

ቅዳሜ

ሉባባና ልጂቱ እትዬ ዘሐራ ጓዳ ናቸው። ልጂቱ የማሽላ ሙቅ ትንሽ ትንሽ እየተባለላት ጠጥታ ተኛች። እትዬ ዘሐራ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ተቆጡ። ስልቻ ሙሉ ወጥቶ ባዶ ሲወርድ ያየ ሰው ምን እንዲል ጠብቄ እንደሆነ ጠየቁኝ። እሳቸው ራሳቸው እህል መስሏቸው ለጎረቤት አውርተዋል። ዕቃ ያልኋቸው እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ብለው ሲያበቁ ደግሞ የመንገድ ስንቅ አሰናዱልኝ፤ በሶ፣ አንድ ከረጢት። እየተቆጡም ይሰነቃል። ሻንጣ ዘጋሁ። ከፈትሁ። ካልሲዎቹን ቆጠርሁ። ዘጋሁ። ነገ እሄዳለሁ፤ ጽፌዋለሁ።

እሑድ

ሻንጣዬን ይዤ አውቶቡሱ አጠገብ ቆሜ ነበር። እትዬ ዘሐራ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ መጡ።

«ሰዎቹ ወጥተዋል» አሉ። «አያ እንድሪስም አሉበት።»

ሉባባ ትናንት ግራሩ ሥር ሄዳ ድንጋይ ብቻ ነው ብላ ነግራቸዋለች። አላመኗትም። እዚህ አገር ማሽላ በጉድጓድ ይቀበርና ከላዩ ድንጋይ ይጫናል፤ በተራራ ጫፍ የተከመረ ድንጋይ ለማንም የራያ ሰው እህል ነው። ቀድማ አግኝታ ደበቀችን ብለው ጭራሽ አኮረፏት። ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ወጡ፤ ውሃ እንኳ አልያዙም።

ረዳቱ ግባ እያለ ጮኸብኝ። በረዶውን አሰብሁት፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ከዚያ ሻንጣውን ለእትዬ ዘሐራ ሰጥቼ፣ ቤት ተመልሼ በሶውን በዚያው ስልቻ አድርጌ፣ ጀሪካን ውሃ ይዤ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማኝ። ዞሬ አላየሁም። ባየው የምወርድ መሰለኝ።

ዘጠኝ ሰው ነው። ክምሩን በትነው፣ አፈሩን በእጃቸውና በእንጨት እስከ ጉልበት ቆፍረዋል። እኔን ሲያዩ ቆፋሪው ፈጠነ፤ ባለቤቱ መጣ ብሎ ነው። እህል የለም አልሁ። የሰማኝ የለም። ደግሜ አልሁ። ሌላ የማደርገው ሲጠፋኝ ከበተኑት አንዱን ድንጋይ አንሥቼ ጫንቃዬ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልሁ።

«ድንጋዩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሥሩ ምንም የለም። አፉ በሉኝ።»

ቁፋሮው ቆመ። አንድ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ አለቀሰ። ከዚያ አያ እንድሪስ ከእኔ ይልቅ ጀሪካኑን እያዩ፣ «እሱን ከወረድን እነግርሃለሁ» አሉ።

ድንጋዩን ያወረድሁት ራሴ ነኝ፤ በሶውን ለመበጥበጥ ሁለት እጅ ያስፈልግ ነበር። ጥቂት ጥቂት እያልን ጠጣን። ስንወርድ አያ እንድሪስ ትከሻዬን ይዘው ነበር፤ እስከ ታች አልለቀቁኝም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግራሩ ሥር ደረስን። ሁሉም ደርሷል፤ ሁለቴ ቆጠርሁ። ሽማግሌው የዐሥርን ሶላት ሰግደው ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም አሉ። አጠገባቸው ትንሽ ተቀመጥሁ።

ለፒተር ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ማክሰኞ ሌላ አውቶቡስ አለ ይላሉ። ስልቻውን አራግፌ በቦታው ሰቀልሁት። ነገ በጠዋት ውሃ ይዤ ግራሩ ሥር እሄዳለሁ። አያ እንድሪስ እስካሁን «አውርድ» አላሉኝም።