ከማደያው በታች ያሉት ጉድጓዶች

ሆሳዕና፣ ኅዳር 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? የሻሸመኔ አየር ተስማማህ? ባለቤትህ ጵርስቅላስ በደህና ገባች? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ በጌታ ቸርነት በሕይወት አለን። ቤተ ክርስቲያናችን እንደታሸገች ናት፤ በየቤታችን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጸልያለን። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም ስምህን ሳትጠራ አትተኛም።

ከሄድክ ወዲህ እዚህ የሆነውን በቁንጽል ነግረውህ ይሆናል። ከእኔ ስማው።

በሰኔ የትርፊት የውሃ ጉድጓድ መሽተት ጀመረ። ከማደያው አጥር ሥር ያለችውን ባልቴት መቼም አትረሳትም። ጎመን ብትቀቅል ቤቱ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን አለ። ቀበሌ ሄዳ ብታመለክት ጓድ ሊቀመንበሩ «ተረፈ የሰረቀውን እዚያ ደብቆት ይሆናል» ብሎ ሳቀባት። ሰው ቤንዚን በኩፖን በሚለምንበት ዘመን ከማደያው ያንን ሁሉ ያጎደለ አሻጥረኛ ተብሎ ባሌ ተረፈ ወህኒ ወረደ፤ እዚያም ሆኖ መሳቂያ ከመሆን አልዳነም።

ኋላ ጤና ጥበቃ አስካለች የምትባል ሠራተኛ ላከ። የዱራሜ ልጅ ናት፣ ቀልድ አታውቅም። ጉድጓዶቹን የሚከታተልላት ሰው ስትፈልግ የሰፈሩ ሴቶች እኔን መረጡ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከእያንዳንዱ በጠርሙስ እቀዳለሁ። ቤንዚን ካለበት ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ቀለም ቀለም ይላል። መጀመሪያ የትርፊት ብቻ ነበር። ክረምቱ ሲበረታ የጎረቤቷ ተከተለ፣ መስከረም ላይ ደግሞ ከዚያ የታችኛው። ከማደያው በላይ ያሉት ግን ንጹሕ ናቸው። አስካለች «ይኼ የተደበቀ አይደለም፤ ከተቀበረው የማደያው ታንክ እየፈሰሰ ቁልቁል የሚሄድ ነው» አለች። ሊቀመንበሩ ቢያኮርፍም አውራጃ ድረስ ሄዳ ታንኩን አስቆፈረች።

ሲወጣ ቆሜ አይቻለሁ። ሆዱን ዝገት በልቶታል፤ ጣት የሚያስገባ ሽንቁር አለው። ጋሼ፣ ጠፋ የተባለው ቤንዚን ምድር ነው የጠጣችው። ተረፈ አንዲት ጣሳ አልወሰደም። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ጎንበስ ብዬ አፈሩን አሸተትኩት፤ ባሌ ከሥራ ሲገባ ሸሚዙ እንደዚያ ነበር የሚሸተው።

ይፈቱታል ብዬ ነበር። ዳኛው ግን «ከታሰረ በኋላ የተቀደደ ቢሆንስ? ከዚያ በፊት ማፍሰሱን የሚያውቅ ሰው ቀርቦ ይመስክር» አሉ። በመጀመሪያው ችሎት ላይ ተረፈ «ታንኩ እንደሚያፈስ ለኃላፊዬ ነግሬዋለሁ» ሲል፣ አንተ ኃላፊው እጅህን አንስተህ «ምንም አልነገረኝም» ብለህ ስትምል፣ እኔ ከኋላችሁ ተቀምጬ የማንን ፊት እንደምመለከት ጠፍቶኝ ነበር። ዛሬ ያስላል፤ ደረቱ ገብቷል። ስንቅ ባደረስኩለት ቁጥር ስለ አንተ ክፉ ቃል አይወጣውም። «ወንድምሽ የልጆች አባት ነው፤ ፈርቶ ይሆናል» ይለኛል። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይኼ ደግነቱ ነው።

ጵርስቅላ እናቷን ልትጠይቅ ጃጁራ ስትሄድ እኔ ዘንድ አድራ ነበር። ምስኪን፣ ተንኮል አታውቅም። ስለ ውሃው ሳወራት «እኛንስ እግዚአብሔር አወጣን» አለችኝ፤ «እዚህ ሳለን፣ ከገና ጀምሮ ባለቤቴ ልጆቹ ከጓሮው ጉድጓድ ጠብታ እንዳይቀምሱ ከልክሎን፣ ከወንዙ ማዶ ምንጭ በአህያ ስናስቀዳ ከረምን።» እኔም እራቷን አቀረብኩላት፣ አልጋዬንም ለቀቅሁላት። ተረፈ የተያዘው ከዚያ በኋላ፣ በየካቲት ነበር።

ይህን ለአስካለች አልነገርኳትም፤ ለእማዬም። ችሎቱ በታኅሣሥ መጀመሪያ ይሰየማል። በራስህ እግር ብትመጣ ደስ ይለኛል። «አሁን ትዝ አለኝ» በል፤ ሰው ይረሳል፣ ማንም አይፈርድብህም። እኔም የሰማሁትን እረሳለሁ። ካልመጣህ ግን መጥሪያው ለጵርስቅላ ይደርሳታል፤ እሷ ደግሞ መዋሸት አትችልበትም።

ጌታ መንገድህን ያቅናልህ። ልጆችህን ይባርክልህ፤ አባታቸውንም ከቤታቸው አያጉድልባቸው።

ታናሽ እህትህ