ሳሩን የነቀልነው ሁለታችን ነን

ለእህቴ ለቀነኒ ገመዳ፤
ባለሽበት ዱባይ፤

የጌታ ሰላም በጧትም በማታም፣ በሙቀቱም በማቀዝቀዣው ውስጥም ካንቺ ጋር ይሁን። ጤናሽ እንዴት ነው? እግርሽ ማበጡን ተወልሽ? እንቅልፍሽስ? የማዳምሽ ልጆች ፀጉርሽን መጎተት አቆሙ? ምግቡ ተስማማሽ ወይ ብዬ አልጠይቅም፤ በላክሽው ፎቶ ላይ ጉንጭሽ ራሱ መልሶልኛል። ህሊናሽስ እንዴት ሰንብቷል? እሱን የሚጠይቅልሽ ስለሌለ ነው እኔ የጠየቅሁት። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት። አባባ ደህና ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ፤ ቤት የለም።

በስልክ ነገሩን ስጀምርልሽ «ካርዴ ሊያልቅ ነው» እያልሽ ስለምትዘጊብኝ በደብዳቤ መጣሁብሽ። ደብዳቤ ካርድ አያልቅበትም። አብራሽ የተማረችው ሚካል እረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው ስለምትመለስ በእጇ ትሰጥሻለች። ጨርሰሽ እስክታነቢው ከፊትሽ እንዳትነሳም ቃል አስገብቻታለሁ። ጴንጤ አይምልም እንጂ አስምላት ነበር።

ስለ ግቢያችን ሳር ላንቺ ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ነው። አንቺ በሄድሽ ሰሞን አባባ በጆንያ ተሸክሞ አምጥቶ፣ እየገመሰ፣ በእጁ የተከለው ሳር ነው። ያኔ ዝናብ ነበረ፤ ሳሩም ራሱን ችሎ ይኖር ነበር። አሁን ግን በልግ ከዳን፤ ቧንቧው ደስ ሲለው ብቅ ይላል፣ ካልመሰለው እንደ ባለሥልጣን ይቀራል። እኔና እማዬ ቦኖ ተሰልፈን በጀሪካን ያመጣነውን ውሃ አባባ ጧት ጧት ለሳሩ ያጠጣዋል። የዕቃ እጣቢ አይሆንም፤ ሳሙና ያቃጥለዋል። ለሳሩ የሚጠጣ ውሃ፣ ለእኛ ከሳሩ የተረፈ። ገላዬን ልታጠብ ስል «በቀደም ታጥበሽ የለም እንዴ?» ይለኛል፤ ሳሩን ግን በቀደም ጠጥተሃል የሚለው የለም። ጠርዙን በምን እንደሚያስተካክለው ነግሬሻለሁ? የሰው ሱፍ በሚቆርጥበት መቀስ! ተንበርክኮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጅጌ እንደሚለካ ሰው። ሳሩን መርገጥ ደግሞ ክልክል ነው፤ ጫማ አውልቀንም ክልክል ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሲመጡ ዳር ዳሩን በአንድ እግር እየዘለሉ «ወንድም ገመዳ፣ ይሄ እኮ ኤደን ነው!» ይላሉ። በኤደን እንኳ የተከለከለው አንድ ዛፍ ነበር፤ የእኛ ግን ግቢው በሙሉ።

ታዲያ በፋሲካ ሰሞን ያንቺ ፎቶ መጣ። የማዳምሽ ግቢ። ሳር የሚባል ነገር የለበትም፤ መሐል ላይ ከፍ ያለ የአፈር መደብ፣ ዙሪያውን ነጭ ድንጋይ፣ በላዩ እሬት። አባባ ፎቶውን ሱቁ ውስጥ መስታወቱ ላይ ሰክቶ ለደንበኛ ሁሉ «ልጄ የምትሠራበት ቤት ነው» ይል ጀመር። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ማዳምሽን ሳያይ አይወጣም። እኔ በስልክ ስለ ውሃው ሳማርርልሽ ደግሞ ምን አልሽኝ? ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እዚህ ሀብታሙ ሁሉ ሳሩን እየነቀለ ድንጋይ ያደርጋል፤ እሬት ውሃ አይፈልግም። ንቀዪው ትዕምርት! አባባ እንደሆነ ያንቺን ጥፋት ለምዶታል። እኔ እንዳልኩሽ ግን እንዳትነግሪው፤ ይከፋዋል» አልሽኝ። ብልጥ ነሽ። አንቺ ከባሕር ማዶ ሆነሽ ትቆፍሪያለሽ፣ መዳፉ የሚላጠው የእኔ ነው።

አባባ ለአገልጋዮች ጉባኤ መቻራ ሲሄድ ዶማ አነሳን። እማዬ መጀመሪያ «ተይ አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ይጨርሰናል» ብላ ነበር። ከዚያ ባዶውን በርሜል አየችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። እንደዚያ ስትቆፍር አይቻት አላውቅም፤ የተሸከመችውን ጀሪካን ሁሉ በዶማው የምትመልስ ነበር የምትመስለው። ጎረቤታችን ጋሽ በድሪ ቦርደዴ ልጃቸው ዘንድ ስለሄዱ ፍየሎቻቸውን የምንጠብቀው እኛ ነበርን፤ ሳሩን ለእነሱ ወረወርንላቸው። ፍየሎቹ ዓይናቸውን ማመን አቅቷቸው በመጀመሪያ አሸተቱት። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራው አለቀ። የተቆፈረውን አፈር መሐል ላይ ረዘም አድርጌ ከመርሁ፣ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደርሁ፣ ድንጋዩን ኖራ ቀባሁ፣ ከተራራው ጥግ እሬት ነቅዬ አምጥቼ ጫፍና ጫፉ ላይ ተከልሁ። ላቤን ጠርጌ ሳየው፣ ቁርጥ ያንቺ ዱባይ።

ቀነኒ፣ በእኛ አገር እሬት የት እንደሚተከል ረስተሻል? እኔም ረስቼው ነበር። መቃብር ላይ ነው! ጋሽ በድሪ አርጊሳ የሚሉት፣ በሙስሊሞቹ መቃብር በኩል ስናልፍ በየሙታኑ ራስጌ በቅሎ የምናየው እሱ ነው። እማዬ የአዳማ ልጅ ናት፣ አታውቅም። እኔ ደግሞ ልቤ ዱባይ ሄዶ ነበር።

ጋሽ በድሪ አመሻሹ ላይ ከቦርደዴ ተመልሰው በአጥሩ አሻግረው አዩ። ገመዳ ሰሞኑን የለም። ግቢው ውስጥ ረጅም አፈር፣ ነጭ ድንጋይ፣ ራስጌና ግርጌው ላይ አርጊሳ። ሽማግሌው ምን ያስቡ? «ወይኔ ገመዳ! ወይኔ ጎረቤቴ! ጴንጤዎች ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ግቢያቸው ውስጥ የሚቀብሩት?» ብለው ጮኹ። ከጓዳ እስክወጣ ድረስ ሰፈሩ ሞልቷል። አንዱ ወንበር ተሸክሟል፣ አንዷ ምንጣፍ ትዘረጋለች፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ አፉን እየጠረገ ይዘጋጃል። «ኧረ ማንም አልሞተም!» ብዬ ስጮህ «ውይ፣ ደንግጣ ነው የምትቀባጥረው፤ ውሃ ስጧት» አሉ። በዚያ ግቢ ውስጥ ሳልለምን ውሃ የተሰጠኝ ያን ዕለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ሳቂ። ከዚህ በኋላ ግን አትስቂ።

እማዬ ከገበያ ስትመለስ በራችን ላይ ሰው ሲያለቅስ አየች። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም። ዘንቢሏን ጥላ «ቀነኒዬን! ልጄን በሳጥን አመጡልኝ!» ብላ ከመሬት ወደቀች። ገባሽ? ከዓረብ አገር የሚመጣውን ወሬ ጧት ማታ ስለምትሰማ፣ በራችን ላይ ለቅሶ ካለ ለእሷ ሌላ ሟች የለም። አባባም ከኋላዋ ደረሰ፤ ከመቻራው ሚኒባስ ወርዶ፣ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ። እሱም አልጠየቀም። ባርኔጣውን አውልቆ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ቆይቶ አጠገቡ የነበረውን ሰው በቀስታ «መቼ ነው የተረዳው?» አለው። ሰውዬው በአቧራው አልለየውም፤ «አሁን ነው ወንድሜ። ልብስ ሰፊው ገመዳ ነው አሉ» አለው።

አባባ ሳቀ። «እኔ ነኝ? ጌታ ይመስገን፣ እኔ ነኝ!» እያለ ያገኘውን ሁሉ አቅፎ ሳቀ፤ እንባው በአቧራው ላይ መንገድ አወጣ። እማዬ ድምፁን ሰምታ ተነሳች። ጋሽ በድሪ ሙት የተነሳባቸው መስሏቸው ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄዱ «አዑዙ ቢላህ» አሉ። ሳቁ የቆየው ግን ሳሩ የነበረበትን ቦታ እስኪያይ ድረስ ነው።

«ማነው?» አለ። «እኔ ነኝ» አልሁ። «እኔ ነኝ» አለች እማዬም። ሁለታችንንም አላየንም። መደቡን ዞረው፣ አንዱን ነጭ ድንጋይ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው፣ ከዚያ «ይሄንን ቤት አውቀዋለሁ» አለ። ጯሂ ሰው ሲጮህ ይሻላል፤ አባባ ዝም ሲል ግን ጣሪያው ዝቅ የሚል ይመስላል። በማግስቱ የስፌት መኪናውን አስጭኖ ገለምሶ እህቱ ዘንድ፣ አዳዳ ኮከቤ ቤት ገባ። እማዬ «ይሂድ! እህቱ ሳር ታጠጣለት!» ብላ በሩን ከኋላው ወረወረችው። መቀርቀሪያውን ግን አላደረገችም። እስከ ዛሬም አታደርግም። ለምን ብዬ ብጠይቃት «ዝጎ ነው» አለችኝ።

ከዚያማ ሽማግሌዎች መጡ። በዚህ ከተማ ሽማግሌ ያልገባበት ጠብ እንደ ጠብ አይቆጠርም። መሪያቸው አቶ ጂሬኛ ናቸው፤ እኒያ በአንድ እግር ከሚዘሉት ሁሉ ረጅም የሚዘሉት። የጸሎታቸው ነገር ሻያችንን አቀዘቀዘው፤ ከአዳም ተነስተው፣ ኖኅን አልፈው፣ ናቡከደነፆር ሳር የበላበት ላይ ደረሱ። አሜን ሲባል ዳቦው የለም። ፍርዱስ? አባት አያጠፋም፣ እናት አታጠፋም፣ እህት ውጭ አገር ናት፤ እንግዲህ ያጠፋችው ትንሿ ናት። «ትዕምርት ድንጋይ ተሸክማ ከአባቷ እግር ላይ ትውደቅ» አሉ። «ድንጋይ ከየት አባቴ አመጣለሁ?» ብላቸው አቶ ጂሬኛ ግቢያችንን አዩና ሳል ያዛቸው።

ከመደቡ ዙሪያ አንዱን መርጬ ገለምሶ ሄድሁ። ረዳቱ «ይሄ ጣሪያ ላይ ነው የሚጫነው» ብሎ ተከራከረኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ልጄ፣ ገለምሶ ድንጋይ የለም ያለሽ ማነው?» ብለው አዘኑልኝ። አዳዳ ኮከቤ በር ላይ ስደርስ ድንጋዩን አንገቴ ላይ አድርጌ ተንበረከክሁ። እሳቸው ከውስጥ «ቶሎ እንዳታነሳት! ጉልበቷ ይላጥ!» እያሉ ያበረታታሉ። አባባ የኮት ቁልፍ እየተከለ ነበር። ቀና ብሎ በዓይኑ ለካኝ፤ ትከሻዬን፣ አንገቴን፣ ድንጋዩን። «ይሄ ያንቺ ልክ አይደለም» አለ። «ይሰፋሻል። የቀነኒ ልክ ነው።»

እኔ ስምሽን አልጠራሁም። ቃሌን ጠብቄያለሁ። ግን በየቀኑ ያንን ፎቶ ሲያይ የከረመ ሰው ምን ይነገረዋል?

ከዚያ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ እንዲህ አለ፦ «ሁለት ዓመት ብላ ነው የሄደችው። ስትመጣ ወንበር የሚደረደርበት፣ ሊጠይቋት የሚመጡ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ንጹሕ ቦታ ይኑራት ብዬ ተከልሁት። ይኸው አምስተኛ ዓመቷ። እናንተ ብትነቅሉት ለውሃው ነው፤ ተናድጄ እተወው ነበር። እሷ ራሷ ንቀሉት ካለች ግን አትመጣም ማለት ነው። ትመጣለች እንዴ ትዕምርት?» እኔ፣ ምላሷ ከአባቷ መርፌ ይወጋል የምባለው፣ ድንጋዩን አንገቴ ላይ አስተካከልሁ። እሱም ተነስቶ በሁለት እጁ አወረደልኝ፤ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠውና «ይሄ እዚህ ይቆያል» ብሎ ወደ ኮቱ ተመለሰ።

ሳሩን በመንቀላችን አልጸጸትም፤ አንቺም ሳር ይመለስ ብለሽ አዛኝ እንዳትሆኚ። በርሜላችን ዛሬ ሙሉ ነው። እሬቱ ያለ ጠብታ ውሃ ወፍሯል። እማዬም ሳር ትከዪ ብትባል ዶማውን ይዛ ነው የምትወጣው። የምወቅስሽ በዚያ አይደለም። አባባ በስልክ «ሳሩ ደህና ነው፣ ለምለም ነው» ሲልሽ የነበረው ስለ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂ ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበር። ዶማውን በእኔ እጅ አነሳሽ። አሁን ደግሞ «አልመጣም» የሚለውን በእኔ አፍ ልታስነግሪ ነው የምትጠብቂው። አልናገርልሽም። ትመጪ እንደሆነ ደውለሽ ንገሪው። አትመጪም እንደሆነ ያንኑ ደውለሽ፣ በራስሽ ድምፅ ንገሪው። ስልኩን ጨርቅ ከሚያሰምርበት የኖራ ሳጥን አጠገብ አያርቀውም፤ ሲጠራ ደግሞ መጀመሪያ ቁጥሩን ያያል፤ ያንቺ ካልሆነ ያዝናል። እስከዚያ እሱ ገለምሶ፣ እማዬ በማይቀረቀር በር ውስጥ፣ ድንጋዩ አዳዳ ኮከቤ ደጃፍ።

እማዬ ሰላም ትልሻለች፤ እየተቆጣችም ቢሆን «በልተሽ ታድሪያለሽ ወይ በያት» ትላለች። ጋሽ በድሪ «አላህ ይጠብቃት፤ ስለ ለቅሶው ይቅር በሉኝ» ብለዋል፤ አሁንም በአጥራችን ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። አቶ ጂሬኛ እየጸለዩልሽ ነው፤ ረጅም ስለሆነ እስኪደርስሽ ታገሺ። አዳዳ ኮከቤ ሰላም ብለውሽ ሽቶ እንዳትረሺ አሳስበዋል። የጋሽ በድሪ ፍየሎች ከሁሉም በላይ ያመሰግኑሻል። ከእኔም ሰላም ይድረስሽ፤ ከነቂሜ። ከአባባ ግን የያዝሁልሽ ሰላምታ የለም። ከገለምሶ ስነሳ «ምን ልበልልህ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ሰላምታዬን መጥታ ትውሰድ» አለ።

ታናሽ እህትሽ
ትዕምርት ገመዳ

ጭሮ፣ ሰኔ 12 ቀን 2003 ዓ.ም.